የድሮ የፓይለት ቢላዋ ለመሰብሰብ ከየትኛው ይጀመር? የንጽጽር መመሪያ

ለጦር ፓይለት ቢላዋ የሚሰጠው አውሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ ለሚመጣው ሰዓት ነው። ፓራሹቱ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ገመዱን መቁረጥ አለ። ኮክፒቱ አልከፈት ሲል ሰብሮ መውጣት አለ። ባሕር ላይ ከወደቀ፣ በአየር የተነፋችውን ጀልባ ሳይበሳ ገመድ መበጠስ አለበት። ጫካ ከወደቀ ደግሞ መንገድ መመንጠር፣ እንጨት መፍለጥ፣ መጠለያ መሥራት ይመጣል። እያንዳንዱ ጦር በጣም የፈራውን ነገር አስቦ ቢላዋውን ሠራ። ስለዚህ በመልክ ፍጹም የማይመሳሰሉ ቢላዋዎች ሁሉም «የፓይለት ቢላዋ» ተብለው ይሸጣሉ።

አዲስ ሰብሳቢ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከብርቅነት ነው፤ ብርቅ የሆነውን ፈልጎ ይገዛል፣ ከዚያ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ይጀምራል። እኔ መንገዱ በተቃራኒው ቢሆን እመርጣለሁ። ከመግዛቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ቢላዋ ማንነቱን ራሱ ይናገራል ወይስ ሻጩ ነው የሚናገርለት? አምራቹ፣ ዘመኑ፣ የተሠራበት ዓላማ ብረቱ ላይ ከተነበበ ጥሩ መነሻ አለን። የሚነበብ ነገር ከሌለና ያለው ወሬ ብቻ ከሆነ፣ ወሬ እየገዛን ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ምርጫ፦ የአሜሪካው ጄት ፓይለት ቢላዋ

በዚህ መስክ ብዙ ሰው በፎቶ የሚያውቀው ይህን ነው። ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ አለው። እጀታው ከተደራረቡ የቆዳ ቀለበቶች የተሠራ ነው። አፎቱ ቡናማ ቆዳ ሲሆን ከፊቱ የመሳያ ድንጋይ የምትቀመጥበት ትንሽ ኪስ ተሰፍቶበታል። የአፎቱ ጫፍ በብረት ተሸፍኗል፤ ፓይለቱ ሲወድቅ ወይም ሲቀመጥ ሹሉ ቆዳውን በስቶ እንዳይወጋው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለጄት ፓይለቶቹ የሚሆን ቢላዋ ፈለገ። በሚሺጋን፣ ግላድስቶን የሚገኘው ማርብልስ ቀዳሚው አምራች ሆነ። ከዚያ በኒው ዮርክ ግዛት ያለው ካሚለስ ገባበት። የመጀመሪያዎቹ ቢላዋዎች ስለታቸው 6 ኢንች ነበር፤ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። በ1962 አካባቢ ወደ 5 ኢንች አጠረ። ዛሬ ገበያ ላይ የምናየው አብዛኛው ይኸው አጭሩ ነው። በኋላ በፍራንክሊንቪል የሚገኘው ኦንታሪዮም ማምረት ጀመረና ረጅም ዓመት ቀጠለበት።

እያንዳንዷ ክፍል ሥራ አላት። የጀርባው መጋዝ እንጨት ለመቁረጥ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እንጨት ላይ ግን ደካማ ነው። የተሠራው የአውሮፕላኑን ስስ የአሉሚኒየም ቆዳና የኮክፒቱን ፕላስቲክ መስታወት ቀዶ ለመውጣት ነው። በእጀታው ጫፍ ያለው ወፍራም ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት መዶሻ ነው። በስለቱና በእጀታው መሀል ባለው መከለያ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ቢላዋውን ከረጅም እንጨት ጋር አስሮ ጦር ለማድረግ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ኮፒ ሲያይ ቶሎ ይነቃል። ኮፒ የሚሠሩት ሰዎች ለመልኩ እንጂ ለሥራው ስለማይጨነቁ ጥርሱን ጌጥ ያደርጉታል፣ ቀዳዳውን ይረሱታል ወይም የጫፉን ብረት ያሳንሱታል።

ይህን ቢላዋ ለጀማሪ የምመክርበት ዋናው ምክንያት ማህተሙ ነው። የካሚለስን የ5 ኢንች ቢላዋ ውሰዱ። ከ1962 እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት የአምራቹ ስምና «ኤን ዋይ» የሚለው ምህጻር ስለቱ ሥር፣ ከመከለያው አጠገብ ተቀርጾባቸዋል፤ ዓመት የለም። ከ1967 አካባቢ ጀምሮ ግን ጽሑፉ ወደ እጀታው ጫፍ ብረት ወረደና ወርና ዓመት ተጨመረበት። «3-1969» የሚል ካገኛችሁ መጋቢት 1969 ማለት ነው። ቢላዋው የልደት ቀኑን ራሱ ተሸክሞታል። በድሮ የጦር ዕቃዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽነት ብርቅ ነው።

ይህ ቀን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ተመልከቱ። አንድ ሻጭ «በቬትናም ጦርነት ላይ የነበረ ፓይለት ቢላዋ ነው» ይላችኋል። የጫፉን ብረት ታዩታላችሁ፤ 1978 ይላል። የፓሪሱ ስምምነት የተፈረመው ጥር 1973 ነው፤ የአሜሪካ ተዋጊ ጦርም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ታሪኩ እዚያው አለቀ። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ እሱም የሰማውን እየደገመ ይሆናል። ቢላዋውም ኦሪጅናል ነው። ዋጋው ግን የቬትናም ዘመን ቢላዋ ዋጋ መሆን የለበትም።

በተቃራኒው 1969 ተጽፎበት ቢገኝስ? ይህ የሚነግረን መቼ እንደተሠራ ብቻ ነው። ማን እንደያዘው፣ የት እንደደረሰ አይናገርም። ብዙዎቹ ከመጋዘን ሳይወጡ ቀርተው በኋላ በትርፍ ዕቃነት ተሸጠዋል። ደግሞም ቢላዋው ለፓይለት ተሠራ እንጂ ፓይለት ብቻ አልያዘውም፤ የሄሊኮፕተር ሠራተኞችም፣ እግረኛ ወታደሮችም ይዘውታል።

ካርቶኑና ማሸጊያ ወረቀቱ አብሮ ካለ የጦሩን የዕቃ መለያ ቁጥር አንብቡ። በድሮው አሠራር ቁጥሩ 11 አሃዝ ነበር፦ 7340-098-4327። ከ1974 ጀምሮ መሀሉ ላይ ሁለት ዜሮ ገባና 13 አሃዝ ሆነ፦ 7340-00-098-4327። አሥራ አንድ አሃዝ ካለው ካርቶን ውስጥ 1982 የተጻፈበት ቢላዋ ከወጣ፣ አንዱ ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

ከማርብልስ፣ ከካሚለስና ከኦንታሪዮ የትኛው ይሻላል? ለመጀመሪያ ግዢ ዓመት ያለበት ካሚለስ ውሰዱ፤ በብዛት ይገኛል፣ ለማጣራት ይቀላል። ኦንታሪዮ በዋጋ ቀለል ይላል፤ አምራቹ ይህንኑ ቢላዋ ለሲቪል ገበያም ለብዙ ዓመት ስለሸጠው፣ በቅርብ የተሠራውን «የድሮ ነው» ብሎ የሚያቀርብ አይጠፋም። ማርብልስና የ6 ኢንቹ ካሚለስ የሚያጓጉ ናቸው። ግን ጥቂት አጫጭሮቹን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ክብደታቸውንና አጨራረሳቸውን ከለመዳችሁ በኋላ ብትደርሱባቸው ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የ6 ኢንች ስለት በተደጋጋሚ ተስሎ ሊያጥር ይችላል። ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን የሹሉን ቅርጽና መጋዙ ከጫፉ ምን ያህል እንደሚርቅም እዩ።

ኮፒውን ከኦሪጅናሉ መለየት

ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል። ማግኔት እዚህ ቦታ አይረዳም። ኦሪጅናሉ የካርቦን ብረት ነው። ርካሹ ኮፒ ብዙ ጊዜ የማይዝግ ብረት ይሆናል። ነገር ግን ለቢላዋ የሚውለው የማይዝግ ብረት አብዛኛው ማግኔት ይይዛል። ማግኔቱ ሁለቱም ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፤ እናንተም ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጋችሁ ትገዛላችሁ።

የሚረዳው አጉሊ መነጽር ነው። ጠንካራ መብራት ሥር የጫፉን ብረት አዘንብሉና አንድ አሃዝ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከ1969 ውስጥ 6ን። ኦሪጅናሉ ላይ ቁጥሩ በቅርጽ ማተሚያ ተመትቶ የገባ ነው። ብረቱ ስለተገፋ የቁጥሩ ጠርዝ በጣም በትንሹ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጥፍር ስትነኩት ይሰማል። ዋናው ምልክት ግን ቀለሙ ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ ማህተሙን መታ፣ ቀጥሎ ሁሉንም በግራጫ የፎስፌት ሽፋን አለበሰው። ስለዚህ 6 በተመታበት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ግራጫ ከውጪው ግራጫ ጋር አንድ መሆን አለበት። ውስጡ ብልጭ የሚል ብረት ከታየ ቁጥሩ የተመታው ሽፋኑ ከተለበሰ በኋላ ነው። ውስጡ ጥቁር ቀለም ተሞልቶበት ከሆነ ደግሞ የሆነ ሰው አንድ ነገር ለመደበቅ ሞክሯል።

ከዚያ አጠቃቀሙን እዩ። እውነተኛ ድካም እጅ በሚነካበትና ከአፎት ጋር በሚፋተግ ቦታ ላይ ነው የሚታየው፦ የመከለያው ጠርዝ፣ የመጋዙ ጫፎች፣ የስለቱ ጎን። በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ቢላዋ ሁሉም ቦታ እኩል ያረጃል። ጉድጓዱም ጉብታውም አንድ ዓይነት ካረጀ ተጠራጠሩ።

እንደገና የተሸፈነ ቢላዋም አለ። ዝጎ የነበረ ስለት ይጸዳና አዲስ ግራጫ ይለብሳል። ከሩቅ አዲስ ይመስላል። ቀርባችሁ ስታዩ በግራጫው ሥር የዝገት ጉድጓዶች አሉ። ብረት ከተሸፈነ በኋላ ቢዝግ ኖሮ ጉድጓዱ ውስጥ ሽፋን አይኖርም ነበር። ይህን ማድረግ ወንጀል አይደለም፤ ሻጩ ካልነገራችሁ ግን ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የቆዳውን እጀታም እንዳትረሱ። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከዘመናት በኋላ ቀለበቶቹ ትንሽ ክፍተት ቢያሳዩ፣ ቀለማቸውም ቢጠቁር የሚጠበቅ ነው። እንደ አዲስ ጫማ የሚያብረቀርቅና ከብረቱ ጋር ፍጹም እኩል የሆነ እጀታ ብዙ ጊዜ የተሞረደ ነው። የተሞረደ እጀታ ይቀጥናል። ያልተነካ አንዱን አንዴ ከጨበጣችሁ ልዩነቱን በእጃችሁ ትለዩታላችሁ።

አፎቱ ምን ይነግረናል?

አንዳንድ ሻጮች ቢላዋውን ትተው ስለ አፎቱ ያወራሉ። አፎት ግን በቀላሉ ይቀያየራል። የአንዱ ይበሰብሳል፣ የሌላው ይጠፋል፣ ትርፍ ካለው ይሟላል። ስለዚህ አፎት በራሱ የቢላዋውን ዘመን አያረጋግጥም።

ሁለቱ አብረው ስለመኖራቸው ግን ቆዳው ማስረጃ ይይዛል። ለዓመታት አንድ ቢላዋ የያዘ ቆዳ ቅርጹን ይወስዳል። የመከለያው ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ይሰረጎዳል። የመጋዙ ጥርስ በውስጥ በኩል ጭረት ይተዋል። ማሰሪያው እጀታውን ሲጨብጥ የኖረበት ቦታ ቀለሙ ይለያል። ቢላዋውን በቀስታ አስገቡና ሰርጓዳው ከመከለያው ጋር መግጠሙን ተመልከቱ። ከገጠመ ደስ ይላል። ካልገጠመ ዋጋ ለመደራደር በቂ ምክንያት አላችሁ።

ድንጋዩ በኪሱ ውስጥ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ባይኖር ግን ቢላዋውን አትተዉት። ድንጋይ ጠፊ ነው፤ አሁን የምታዩትም ቢሆን ከሌላ ቦታ ተገዝቶ የገባ ሊሆን ይችላል።

ቆንጨራዎቹ፦ ለጫካ የተሠሩት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አየር ጦር ፓሲፊክ ላይ ሲበር ትልቁ ፍርሃት ጫካ ነበር። ለዚያ የተሠሩት ትልልቆች ናቸው። ሰብሳቢዎች ቪ-44 የሚሉት ሰፊ ቢላዋ ስለቱ 24 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዝላይ በኋላ በሚከፈት የመትረፊያ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በኮኔቲከት የሚገኘው ኮሊንስ ቁጥር 18 በሚል ስያሜ ሠራው። ኬስ፣ ዌስተርንና ኪንፎክስም ተመሳሳዩን ሠርተዋል።

እነዚህ ማንነታቸውን በግማሽ ይናገራሉ። የአምራቹ ስም አብዛኛውን ጊዜ ስለቱ ላይ አለ። ዓመት ግን የለም። ኮሊንስ ደግሞ ለሲቪል ገበያ ቆንጨራ ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው። ስለዚህ ስሙ መኖሩ ብቻውን የጦር ዕቃ መሆኑን አያሳይም። ሬይደር የተባሉት የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ልዩ ተዋጊዎችም ይህንኑ ዓይነት ቢላዋ ስለያዙት፣ «የሬይደር ነው» የሚለው ወሬ ዋጋውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በሬይደር እጅ የነበረውንና በአውሮፕላን ቦርሳ ውስጥ የነበረውን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ለወሬው ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከቪ-44 ይልቅ እኔ የምወደው ተጣጣፊው ቆንጨራ ነው። 10 ኢንች የሚሆን ስለት በጥቁር እጀታ ላይ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ ውጪ የሚቀረውን የሚቆርጠውን ጎን ደግሞ የብረት መከለያ ይሸፍነዋል። ኢምፔሪያል፣ ካሚለስ፣ ካታራጉስና ኬስ ሠርተውታል። ማህተሙ በግልጽ ይነበባል፤ አሠራሩ ውስብስብ ስለሆነ ኮፒ ለማድረግ አያጓጓም፤ ከቪ-44ም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስትገዙ ከፍታችሁ ዝጉት። ማጠፊያው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም እጀታው የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ጠብቁ። እጀታው ሲሰበር መጠገን አስቸጋሪ ነው።

ሴንጢዎቹ፦ ለፓራሹት ገመድ የተሠሩት

አሜሪካኖች ኤምሲ-1 ያሉት ሴንጢ ብርቱካንማ እጀታ አለው። ቀለሙ ሣር ላይ ወይም ውሃ ዳር ቢወድቅ ቶሎ እንዲታይ ነው። በአንድ በኩል ቁልፍ ሲጫኑት የሚፈናጠር ስለት አለ። በሌላው በኩል እንደ ቀንድ የታጠፈ፣ ውስጡ የሚቆርጥ ስለት አለ፤ የፓራሹት ገመድ ተይዞ የሚቆረጠው በዚህ ነው። ሹል ስለሌለው ተንጠልጥሎ የሚንፈራገጥ ሰው ራሱን አይወጋም። ሽሬድ ዎልደንና ካሚለስ ከሠሩት መካከል ናቸው። የአምራቹ ስም ስለሚነበብ መለየቱ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ስፕሪንጉ ነው፤ ደክሞ ከሆነ ስለቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

የጀርመኑ ካፕሜሰር ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ ለጀማሪ አልመክረውም። ቢላዋው ድንቅ ነው። ማንሻውን ተጭናችሁ ወደ ታች ስታዘነብሉት ስለቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አንድ እጁ የተጎዳ ወይም ገመድ የተጠላለፈበት ሰው በአንድ እጅ ይከፍተዋል። የሉፍትዋፈ (የጀርመን አየር ኃይል) የበረራ ሠራተኞችና የጀርመን ፓራሹት ወታደሮች ይዘውታል። የመጀመሪያው ዓይነት አይፈታም። ሁለተኛው ዓይነት ያለ መሣሪያ ተፈትቶ ይጸዳል። አሸዋ ወይም ጭቃ ገብቶ ሲያንቀው መፍታቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ፓውል ቫየርስበርግና ኤስ-ኤም-ኤፍ የተባሉት የዞሊንገን ከተማ ፋብሪካዎች ስም ከታወቁት ውስጥ ነው።

ችግሩ የናዚ ዘመን ዕቃ ዋጋ መሆኑ ነው። ዋጋው የፎርጅድ ገበያ ፈጠረ። ንስር ያለበት ማህተም ለመሥራት ከባድ አይደለም። ከተለያዩ የተሰበሩ ቢላዋዎች አካል ተለቅሞ አንድ ቢላዋ ይገጣጠማል፤ ሁሉም ክፍሉ ኦሪጅናል፣ ቢላዋው ግን ትናንት የተወለደ። ከጦርነቱ በኋላም የምዕራብ ጀርመን ጦር ይህንኑ ዓይነት ቢላዋ ስለተጠቀመ፣ የኋለኛው እንደ ቀደምቱ ይሸጣል። ደግሞ ቅድም ያልኩትን አታቀላቅሉት፦ አሜሪካዊው የጄት ቢላዋ ላይ የማይዝግ ብረት የኮፒ ምልክት ነው፤ ካፕሜሰር ላይ ግን «ሮስትፍራይ»፣ ማለትም የማይዝግ፣ የሚል ጽሑፍ ኦሪጅናሉ ላይም ይገኛል። አንዱን ደንብ ይዞ ለሁሉም ማዋል እዚህ ያሳስታል።

ስለ ሴንጢዎቹ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ሕጉ። በቁልፍ የሚፈናጠርና በክብደቱ የሚወርድ ቢላዋ በብዙ አገር ለብቻው ይታያል። ብሪታንያ ከ1959 ጀምሮ መሸጡንና ማስገባቱን ከልክላለች፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥ መያዙንም ጭምር። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1958 ጀምሮ ከግዛት ወደ ግዛት ንግዱን ይገድባል፤ ግዛቶቹም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ዕቃው የሚሸጥበት አገር ሕጋዊ መሆኑ፣ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ። ጉምሩክ ያስቀረው ቢላዋ አይመለስም።

ለባሕር፦ የብሪታንያው ጫፍ አልባ ቢላዋ

ይህን ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ግን ስብስብ ውስጥ መኖሩን እወዳለሁ። የብሪታንያ አየር ኃይል በነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ያስቀመጠው ቢላዋ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ እጀታው ከቡሽ ስለተሠራ ይንሳፈፋል። የሚወጋ ጫፍ ያለው ቢላዋ በጎማ ጀልባ ውስጥ ራሱ አደጋ ነው። ከጎን አሜሪካዊውን የጄት ቢላዋ ብታስቀምጡት፣ ሁለት ጦሮች ስለ ሁለት ዓይነት ሞት እንዴት እንዳሰቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የብሪታንያ መንግሥት ንብረት ምልክት የሆነው ሰፊው ቀስት ወይም ከዘውድ ሥር የአየር ሚኒስቴሩ ምህጻር «ኤ ኤም» ካለበት ጥሩ ነው። ሚኒስቴሩ በ1964 በመከላከያ ሚኒስቴር ስለተጠቃለለ፣ ያ ምህጻር የዘመን ወሰን ይሰጣል። ቡሹ ካልተቆራረሰ ዋጋው ብዙ አይጎዳም።

እጅ ሥራዎቹና የጠፈሮቹ

በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ጠጋኞች ከወደቀ አውሮፕላን ፕሌክሲግላስ (የፕላስቲክ መስታወት) እና አሉሚኒየም ቆርጠው እጀታ ይሠሩ ነበር። ቀይና ቢጫ ንብርብር ያለባቸው በጣም ያምራሉ። ማህተም የላቸውም። ዓመት የላቸውም። ማንኛውም ጎበዝ ባለሙያ ዛሬ ሊሠራው ይችላል። እነዚህን የምትገዙት ውበታቸው ስለማረካችሁ ከሆነ መልካም ነው። ታሪካቸውን ከሆነ ግን ፎቶ፣ ደብዳቤ ወይም የአገልግሎት ወረቀት አብሮ ይኑር፤ ወረቀቱም ቢላዋውን በግልጽ የሚገልጽ ይሁን። የወታደሩ ስም ያለበት ወረቀት መኖሩ ቢላዋው የእሱ ነበር ማለት አይደለም።

የጠፈር ቢላዋዎች የዚህ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጆች ናቸው። ሜርኩሪ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ፕሮግራም የበረሩት ጠፈርተኞች ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ የሚሠራውን ራንዳል ሞዴል 17 ይዘው ወጡ። ከእነሱ አንዱ ገስ ግሪሶም የበረረባት መንኮራኩር ሊበርቲ ቤል 7 ሐምሌ 1961 አትላንቲክ ውስጥ ሰጠመች። በሐምሌ 1999 ወደ 5 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት ስትወጣ ቢላዋው ውስጧ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ኬስ ደግሞ ቀጥሎ ለመጣው የጄሚኒ ፕሮግራም ጠፈርተኞች የመጋዝ ጥርስ ያለው ነጭ እጀታ ቆንጨራ ሠራ፤ የሲቪል ቅጂውንም ሸጧል። የበረሩት በሙዚየምና በታወቁ እጆች ውስጥ ናቸው። ገበያ ላይ የምታዩት ሞዴሉን እንጂ የበረረውን አይደለም። ራንዳል ሞዴል 17ን አሁንም ስለሚሠራ፣ አዲሱን መግዛት ከፈለጋችሁ አዲስ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይምረጥ?

አንድ ቢላዋ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከ1967 እስከ 1972 ባለው ዓመት የታተመበትን የ5 ኢንች ካሚለስ ይውሰድ። ሽፋኑ ቢያንስ ግማሹ የቀረ፣ ስለቱ ያልተሞረደ፣ አፎቱ ያልተቀደደ ይሁን።

ዝርዝር የሚወድ ሰው በዚያው ይቀጥል፤ ዓመት በዓመት መሰብሰብ ይቻላል። ማህተሙ ስለቱ ላይ ያለውን ዓመት አልባ ካሚለስ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ባለ ዓመት፣ ከዚያ ኦንታሪዮን፣ መጨረሻ ላይ የ6 ኢንቹንና ማርብልስን። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ማርብልሱ ጋ ሲደርስ ለመታለል ይከብዳል።

የተለያየ አሠራር የሚያስደስተው ሰው ደግሞ በአንድ ዓይነት አይታሰር። ተጣጣፊውን ቆንጨራ፣ የጄት ቢላዋውንና የጀልባውን ጫፍ አልባ ጎን ለጎን ያኑር። ሕጉ ከፈቀደለት ኤምሲ-1ን ይጨምር። ይህ ስብስብ ከአሥር አንድ ዓይነት ቢላዋ በላይ ለእንግዳ የሚያሳየው አለው።

ካፕሜሰር ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለ፣ በጽሑፍ የመመለስ ዋስትና ከሚሰጥ ሻጭ ብቻ ይግዛ። ከመክፈሉ በፊትም የተፈታውን ቢላዋ የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ይጠይቅ። ጥያቄው ሻጩን ካናደደው መልሱ ተገኝቷል።

ቤት ከገባ በኋላ

የመጀመሪያው ፈተና ማጽዳት ነው። እጃችሁን ያዙ። ግራጫውን ሽፋን በብረት ሱፍና በማሽን መወልወል የሰብሳቢ ዋጋውን በአንድ ከሰዓት ይገድለዋል። የጠቆረ፣ የረጋ ዝገትን ተዉት። ቀይና ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ዝገት ካለ ግን እየበላ ነው፤ ቀጭን ዘይት ቀብታችሁ አንድ ቀን አሳድሩና በለስላሳ ጨርቅ፣ ደጋግማችሁ፣ በትዕግሥት ጥረጉ። ስለቱን አትሳሉት።

ቆዳውን በዘይት አታጥቡት። ብዙ ዘይት የጠጣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ስፌቱም ይላላል። ሪቬቶቹ አጠገብ የሚታየው አረንጓዴ ቅባት መዳብ ያለበት ብረት ከቆዳው ስብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብላችሁ ልታነሱት ትችላላችሁ።

ብዙ ጥሩ ቢላዋ የሚበላሸው ደግሞ አፎቱ ውስጥ ሆኖ ነው። የተለፋ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ይይዛል። ውጪው እጀታ አምሮ እያለ ውስጥ ያለው ስለት ይበላል። ስለዚህ ቢላዋውን ከአፎቱ አውጡና ለየብቻ አስቀምጡ። ስለቱን በስሱ ሰም ቀቡት፤ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነጭ ሰም ካገኛችሁ ጥሩ ነው። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የትኛው አፎት ከየትኛው ቢላዋ ጋር እንደመጣ በካርድ ጻፉና ከሁለቱም ጋር እሰሩ።